የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቪአር በኮንሶል ላይ ይዘልቃል?

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን 5 (የሶኒ ጌም ማጫወቻ ኮንሶል) አለኝ። ከሱ ጋር የሚሠራውን የቪአር 2 መነጽር (ዓይን ላይ ታስሮ በጌሙ ዓለም ውስጥ የገቡ ያህል የሚያሳየውን) ልገዛ ስል ጓደኞቼ «የሞተ ነገር ነው፤ ገንዘብህን አታባክን» አሉኝ። እውነት አብቅቶለታል?

መልስ፦ አላበቃለትም፤ ግን ሲወራለት የነበረውን ያህል አልሆነም፣ የሚሆንም አይመስለንም። ያነቀው የምስል ጥራት አይደለም። በ1995 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኔንቲዶ ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ የተባለ መሣሪያ ቀይና ጥቁር ብቻ የሚያሳይ ነበር፤ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተቋረጠ። ሶኒ በ2016 ለፕሌይስቴሽን 4 ያወጣው መነጽር ግን እስከ 2019 መጨረሻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የ2023ቱ ቪአር 2 ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓይን 2000 በ2040 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ይሰጣል።

ይህን ቁጥር ልብ ይበሉት። የሁለቱ ዓይን ሲደመር 8.16 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል፤ የአንድ 4ኬ ቴሌቪዥን ያህል ማለት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ጌሙ በሰከንድ 30 ወይም 60 ምስል ቢያወጣ ማንም አያማርርም። መነጽሩ ግን 90 ወይም 120 ይፈልጋል። በ120 ሲሆን ኮንሶሉ አንዱን ምስል ሠርቶ የሚጨርስበት ጊዜ 8.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ከዘገየ ጭንቅላትዎ ዞሮ ዓለሙ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያኔ ሆድ ይረበሻል። ለዚህ ነው መነጽሩ ዓይንዎ የሚያርፍበትን እየተከታተለ፣ ጌሙ ከደገፈው፣ ያንን ቦታ ብቻ አጥርቶ ዳር ዳሩን የሚያደበዝዘው። አንዳንድ ጌሞች 60 ሠርተው የቀረውን በግምት ይሞላሉ፤ የመኪና ውድድር ጌሙ ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ በአጠገብዎ የሚያልፉ ነገሮች ጥላ እንዳላቸው ሁለት ሆነው ከታዩዎት መነጽሩ አልተበላሸም፣ ከዚሁ የመጣ ነው።

ዋናው ችግር ሒሳቡ ነው። መነጽሩ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 550 ዶላር ነበር፤ ዲስክ ማጫወቻ ያለው ኮንሶል ራሱ ሲወጣ 500። ኮንሶል ካላቸው ሰዎች መነጽሩን የሚጨምሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ ትልቅ ጌም የሠራ ድርጅት ወጪውን አይመልስም። በዚህ ላይ የመጀመሪያው መነጽር ጌሞች በሁለተኛው ላይ አይሠሩም። የቀድሞው በውጭ ካሜራ ብርሃኑ እየታየ ቦታው ይታወቅ ነበር፤ አዲሱ በራሱ 4 ካሜራዎች ክፍሉን ያያል፣ መቆጣጠሪያውም ሌላ ነው። ስለዚህ የቆየው ደንበኛ ጌሞቹን ይዞ አልተሻገረም። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ መነጽር አውጥቶ አያውቅም። ሜታ ኩዌስትን የመሳሰሉ መነጽሮች ደግሞ ያለ ኮንሶልና ያለ ሽቦ ይሠራሉ፤ ቪአር 2 አሁንም በ4.5 ሜትር ገመድ ታስሯል።

እኛ ተስፋ የምናየው በአንድ መንገድ ነው፦ በቴሌቪዥን የሚሸጥ ጌም ላይ ቪአር እንደ ተጨማሪ መጫወቻ ሲገባ። ግራን ቱሪስሞ 7፣ ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅና ሬዚደንት ኢቭል 4 እንዲህ ናቸው፤ መነጽር የሌለውም ይገዛቸዋልና ሠሪው አይከስርም። ለቪአር ብቻ የሚሠራ ትልቅ የኮንሶል ጌም ግን እየሳሳ ይሄዳል።

እንግዲህ ዛሬ ካሉት በመነጽሩ ሊጫወቷቸው የሚፈልጓቸውን ጌሞች ይቁጠሩ። ሦስት ካልሞሉ፣ «ወደፊት ይወጣል» ብለው አይግዙ። ሶኒ በ2024 ያወጣው መነጽሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ምርጫውን ያሰፋል፤ የዲስፕሌይፖርት 1.4 ገመዱን ግን ለብቻው ይገዛሉ፤ ዓይን መከታተሉ፣ ኤችዲአሩ (ብሩሁንና ጨለማውን አጉልቶ የሚያሳየው) እና የመነጽሩ ንዝረትም ኮምፒውተር ላይ አይሠሩም።

ጥያቄ፦ 10 ደቂቃ ሳልቆይ ያጥወለውለኛል። ይለመዳል?

መልስ፦ ብዙ ሰው ይለምደዋል፣ በትግል ግን አይደለም። ዓይን «እየሄድን ነው» ሲል ውስጠኛው ጆሮ «ቆመናል» ይላል፤ ሕመሙ ከዚህ ግጭት ነው።

መጀመሪያ ምስሉን ያስተካክሉ። ከላይ በግራ በኩል ያለውን መዘውር እያዞሩ የሌንሶቹን ርቀት ከዓይኖችዎ ርቀት ጋር ያገጣጥሙ፤ መሃሉ አሁንም ከደበዘዘ መነጽሩን በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትቱ። ቀጥሎ ባሉበት ቆመው ወይም ተቀምጠው የሚጫወቱትን ጌም ይምረጡ። መሄድ ግድ ከሆነ በማዘጋጃው ውስጥ በዝላይ መሄድን (ከቦታ ቦታ ባንዴ መሻገርን) ይምረጡ፣ መዞሩም በማንሸራተት ሳይሆን በቁርጥ ቁርጥ ይሁን፤ ሲንቀሳቀሱ ዳሩን የሚያጨልም አማራጭ ካለ ያብሩት። ትንሽ የአየር ማራገቢያ ፊት ለፊት ማድረግም ይረዳል። የመኪና ጌም ተቀምጠው ስለሚጫወቱት አያታልልዎ፤ በቀስታ መኪና ካልጀመሩ ጠመዝማዛው ያዞርዎታል።

ምራቅ ሲበዛ ወይም ላብ ላብ ሲልዎት ወዲያው ያውልቁ፣ ያን ቀንም አይመለሱ። ጥርስ ነክሰው ከገፉበት ቀጥሎ ገና ሲያደርጉት ያቅለሸልሽዎታል።

ጥያቄ፦ መነጽሩን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ ነጠብጣብ ታየ። ምን ልቀባው?

መልስ፦ ምንም አይቅቡት። ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ከኋላው ያለውን ስክሪን አቃጥሎታል፤ በመጥረግ አይለቅም፣ ስክሪኑ ካልተቀየረ በስተቀር። ለወደፊቱ ሌንሶቹን ሸፍነው ከብርሃን ያርቁ። ሌንሱን ሲያጸዱ አልኮል አይጠቀሙ፤ ደረቅና ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል።