ከኮሌጅ ፉትቦል የማጥቃት ስልቶች ትሪፕል ኦፕሽንን የማስቀድምበት ምክንያት

ጠያቂያችን በዚህ የውድድር ዘመን የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል መከታተል መጀመራቸውን ገልጸው፣ ቡድኖቹ የሚያጠቁባቸው ስልቶች በምን እንደሚለያዩና ቆየት ያልን ተመልካቾች የትኛውን እንደምንመርጥ ከነምክንያቱ እንድንነግራቸው ጠይቀዋል። እስካሁን መልስ የሰጡት አባላት በአብዛኛው ኳስ በረጅሙ የሚወረወርበትን አጨዋወት መርጠዋል። የእኔ ምርጫ ግን ብዙ ሰው አሰልቺ የሚለው፣ ኳስ እምብዛም የማይወረወርበት ትሪፕል ኦፕሽን ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ በመሆኑ በቅርብ የማገኘው ስታዲየም አናፖሊስ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ ሜዳ ነው፤ ኔቪ የሚባለውን የአካዳሚውን ቡድን ለዓመታት የተመለከትኩትም እዚያው ነው። በእግር ኳስ ያደገ ሰው ዓይኑ ኳሱን መከተል ስለለመደ መጀመሪያ ላይ የሚታየኝ እርስ በርሱ የተደራረበ የሰው ክምር ብቻ ነበር። በባሕር ኃይል ያገለገለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኳሱን ትቼ ማንም አጋጅ፣ ማለትም ለሯጩ መንገድ ለመክፈት ተከላካዮችን የሚገፋ ተጫዋች፣ ያልነካውን ተከላካይ እንድፈልግ ከነገረኝ በኋላ ግን ጨዋታው በሙሉ ተገለጠልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው የሩጫ አጨዋወት ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ኳሱን ለሯጩ ከሰጠ በኋላ ከጨዋታው ስለሚወጣ ተከላካዩ ቡድን ሁልጊዜ በአንድ ሰው ይበልጣል። ኦፕሽን ይህን ክፍተት የሚሞላው በጉልበት ሳይሆን ሁለት ተከላካዮችን ሆን ብሎ ሳያግድ በመተው ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ተቀብሎ ከኋላው ወደሚመጣው ሯጭ፣ ወደ ፉልባኩ፣ ሆድ ሲያስገባ ዓይኑ ያለው በመስመሩ ጫፍ ባለው ያልታገደ ተከላካይ ላይ ነው፤ ተከላካዩ ፉልባኩን ለመያዝ ወደ ውስጥ ከገባ ኳርተርባኩ ኳሱን መልሶ ወደ ውጭ ይሮጣል፣ ካልገባ ደግሞ ፉልባኩ ኳሱን ይዞ በመሀል ያልፋል። ወደ ውጭ የሮጠው ኳርተርባክ ሁለተኛውን ያልታገደ ተከላካይ ያገኛል፤ እሱም ኳርተርባኩን ሊጥል ከመጣ ኳሱ ከጎን ለሚሮጠው ሦስተኛ ሰው ይለቀቃል። በእግር ኳስ ሁለት አጥቂዎች አንድ ተከላካይ ብቻውን ሲያገኙት የሚያደርጉትን ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሁኔታው በአጋጣሚ የሚገኝ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሙከራ ታቅዶ የሚፈጠር መሆኑ ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች ያግዱ የነበሩት አጋጆችም ነፃ ስለሚሆኑ ከኋላ ያሉትን ተከላካዮች ለመጣል ይሄዳሉ።

ስልቱ የአቅመ ደካሞች መሣሪያ ሆኖ አልተወለደም። ስልቱ የሚካሄድበትን ዊሽቦን የተባለ አሰላለፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ያመጣው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሠልጣኝ የነበረው ኤሞሪ ቤላርድ ሲሆን ቴክሳስ በዚሁ ስልት 30 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል፤ የኦክላሆማና የአላባማ ዩኒቨርሲቲዎችም ወስደው ተጠቅመውበታል። ኃያላኑ ከተዉት በኋላ ግን ስልቱ በዋናነት የወታደራዊ አካዳሚዎቹ ሆነ፤ የእኔም ፍቅር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተመርቆ መኮንን የሚሆን ተማሪ የክብደት መመዘኛ ስለሚጠበቅበት አካዳሚዎቹ እንደ ሌሎቹ ግዙፍ ተጫዋቾችን መሰብሰብ አይችሉም። ፖል ጆንሰን በ2002 ኔቪን ሲረከብ ስልቱን አሻሽሎ ይዞ መጣ፤ በ2007 ቡድኑ በሦስተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን 46 ለ 44 ሲያሸንፍ በዚሁ ተጋጣሚ ለ43 ተከታታይ ጨዋታዎች የዘለቀበት ሽንፈት አበቃ። ኪናን ሬይኖልድስ የሚባለው የኔቪ ኳርተርባክ በኮሌጅ ዘመኑ ኳስ ይዞ በመሮጥ 88 ታችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሯል፤ ማልኮም ፔሪ ደግሞ በ2019 ብቻ 2,017 ያርድ ሮጧል።

ስልቱ አሰልቺ ነው ለሚሉኝ ሰዎች የማስታውሳቸው ግን የምድር ጦር አካዳሚው ቡድን አርሚ በ2018 ከኦክላሆማ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ነው። አርሚ 60 ደቂቃ በሚፈጀው መደበኛ ጨዋታ ኳሱን ከ44 ደቂቃ በላይ ይዞ፣ በዚያው ዓመት ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማንን ሽልማት የወሰደውን የኦክላሆማ ኳርተርባክ ካይለር መሪን ከሜዳ ውጭ አስቀምጦታል። በተጨማሪ ክፍለ ጊዜ 28 ለ 21 ቢሸነፍም እኔ ከዚያ የሚበልጥ የስልት ትምህርት አላየሁም።

ይህ ስልት በኮሌጅ እንጂ በባለሙያዎቹ ሊግ በኤንኤፍኤል የማይታይበት አንዱ ምክንያት ሜዳው ራሱ ነው። በኮሌጅ ሜዳ ኳሱ የሚቀመጥበትን ክልል የሚወስኑት የውስጥ ምልክቶች በ40 ጫማ ይራራቃሉ፤ ኳሱ በአንደኛው ምልክት ላይ ሲቀመጥ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው በኩል 100 ጫማ ይቀራል፤ ወደ ጎን የሚሮጥ ኳርተርባክ የሚፈልገውም ይህንኑ ሰፊ ቦታ ነው። በኤንኤፍኤል ምልክቶቹ ወደ መሀል ስለሚጠጉ ያ ሰፊ ጎን የለም። በተጨማሪም ባለሙያዎቹ ቡድኖች ብዙ ገንዘብ የከፈሉበትን ኳርተርባክ በየሙከራው ለመመታት አያጋልጡትም።

ሁለተኛ ምርጫዬ ኤር ሬይድ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ይመስላል፣ መነሻው ግን አንድ ነው፤ ጉልበትን በብልሃት መተካት። ሃል ማሚና ማይክ ሊች በትንንሽ ኮሌጆች ያዳበሩት ይህ ስልት ጥቂት አጨዋወቶችን ብቻ ይዞ እስኪሰለች ድረስ በመለማመድ ኳሱን ያለማቋረጥ ይወረውራል። ሊች ራሱ የኮሌጅ ፉትቦል ያልተጫወተ፣ ሕግ የተማረ ሰው ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሌሎች አሠልጣኞች ግዴታ ያሉትን ሁሉ ሳይቸገር የተወው። በ2008 የእሱ ቴክሳስ ቴክ ቴክሳስን 39 ለ 33 ያሸነፈው አንድ ሴኮንድ ሲቀር በተቆጠረ ታችዳውን ነው።

ብዙዎቻችሁ የጠቀሳችሁት የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) የ2019 ቡድን፣ ኳርተርባኩ ጆ ባሮው 60 የታችዳውን ውርወራ ያስመዘገበበት፣ እጅግ ግሩም እንደነበር አልክድም፤ ነገር ግን ምርጥ ተጫዋቾች የተሰበሰቡበት ቡድን ሲያሸንፍ የምደነቀው በተጫዋቾቹ እንጂ በስልቱ አይደለም። በጉልበት መግፋትንም አልጠላም፤ ሚሺጋን በ2023 ፔን ስቴትን 24 ለ 15 ሲረታ 32 ተከታታይ ሙከራዎችን በሩጫ ብቻ መጫወቱ አስደስቶኛል። የማይጥመኝ፣ ተመልካች አሰላለፉን እንኳ ሳያይ ኳሱ የሚነሳበት የጥድፊያ አጨዋወት ነው።

የኦፕሽን ድክመት ግልጽ ነው፤ በሁለት ታችዳውን ተመርቶ ጥቂት ደቂቃ የቀረው ቡድን በዚህ ስልት አይድንም። በ2022 የወጣው ደንብም ተጫዋቾች በመስመሩ ጫፍ በኩል ከወገብ በታች እንዳያግዱ ስለከለከለ ስልቱን ክፉኛ ጎድቶታል። አርሚ በ2023 ኳርተርባኩን ወደ ኋላ አርቆ ሌላ አሰላለፍ ሞክሮ፣ በ2024 ወደ ቀድሞው ተመልሶ 12 ጨዋታ አሸንፎ አሜሪካን ኮንፈረንስ የተባለውን ምድብ ዋንጫ ወስዷል።

ጠያቂያችን ስታዲየም ከሄዱ ውድ ከሆነው የመሀል መቀመጫ ይልቅ ከጎሉ ጀርባ ከፍ ብለው ይቀመጡ፤ ያልታገደው ተከላካይ በደንብ የሚታየው ከዚያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የዲሴምበሩን የአርሚና የኔቪ ጨዋታ እንዲመርጡ ግን አልመክርም፤ ሁለቱም ስልቱን ሲለማመዱ ስለሚኖሩ አንዱ ሌላውን አያታልልም፣ ውጤቱም እንደ 2017ቱ 14 ለ 13 ጠባብ ይሆናል። ይልቁንም በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር፣ ለስልቱ ለመዘጋጀት አንድ ሳምንት ብቻ ያገኘ ቡድን ሲገጥማቸው ይመልከቱ።