ለሚያቃጥል እግር የባሕር አረም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 58 ነው። ስኳር ከያዘኝ ቆየሁ፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ማታ ማታ ውስጥ እግሬ እሳት ላይ የተጣደ ይመስል ያቃጥለኛል፤ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም። ልጄ ከውጭ ከባሕር አረም የተሠራ እንክብል ላከችልኝ። «ነርቭ ያረጋጋል፣ ሕመም ያስታግሳል» ይላል። ልጀምረው? አንገቴ ላይ የቆየች ትንሽ እንቅርትም አለችኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይጀምሩት። ዋናው ምክንያቴ ያቺው «ትንሽ» ያሏት እንቅርት ናት። ቡናማው የባሕር አረም፣ በተለይ ኬልፕ የሚባለው፣ አዮዲን በብዛት ያከማቻል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ አንድ ግራም ደረቅ ኬልፕ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። አዮዲን አንሶት የኖረ እንቅርት ድንገት ይህን ያህል ሲያገኝ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። ከዚያ የልብ ትርታው፣ መንቀጥቀጡ፣ መክሳቱ ይከተላል። እንቅልፍ እንደሆነ አሁንም የለዎትም።

ያስታግሳል የሚባለው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፉኮይዳን የተባለው የቡናማ አረም ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ የሰውነት መቆጣትን ቀንሷል። ሰው ላይ ሲመጣ ነው ጉዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ለ12 ሳምንት ወስደውት ከባዶ እንክብል የተሻለ ነገር አላገኙም። ደም የማቅጠን ጠባይም ስላለው ዋርፋሪን ከተባለው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር አይሆንም።

ደግሞ የባሕር አረም ሁሉ አንድ አይደለም። ካራጊናን ከቀይ አረም ይወጣል፤ ተመራማሪዎች አዲስ ማስታገሻ ሊሞክሩ ሲሉ የአይጥ መዳፍ አሳብጠው የሚያሳምሙት በእሱ ነው! ጃፓኖች ለወስፋት ይጠቀሙበት የነበረው ካይኒክ አሲድም ከቀይ አረም የተገኘ ነው፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ አይጦችን ለማንቀጥቀጥ ይውላል፣ ነርቭን ከመጠን በላይ ስለሚያነቃቃ። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ «የባሕር አረም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

የእግርዎ ነገር ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የሚመጣውን ሕመም ይመስላል፤ ለእሱ መድኃኒት አለ። አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ሐኪምዎ መርጦ፣ በትንሹ ጀምሮ ያዝልዎታል። ከዚያ በፊት የ3 ወር ስኳር፣ የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) እና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይጠይቁ። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ን ያሳንሳል፤ ያም ራሱ እግር ያቃጥላል፣ ግን በቀላሉ ይታከማል።

እግርዎን በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ይቅርብዎ፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያውቅም። ማታ ማታ ውስጥ እግርዎን በመስታወት ይዩ። ቁስል ካገኙ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እንክብሉንም ከነብልቃጡ ይዘውት ሄደው ለሐኪምዎ ያሳዩ።