የጭነት መኪና ደንብና የአትክልት ዋጋ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

«በመንገድ ላይ በሚደረገው የጭነት ሚዛን ቁጥጥር ምክንያት መኪናው የሚጭነው ስለቀነሰ የቲማቲም ማጓጓዣ ጨመረብን፤ ደንቡ አምራቹን አይጎዳም ወይ?» (ከቆቦ)

ኪራዩ መጨመሩ እውነት ነው። ለስሌት ያህል የመኪናው ኪራይ 30,000 ብር ነው እንበል፤ 50 ኩንታል ሲጭን ለኩንታል 600 ብር፣ 40 ሲጭን ደግሞ 750 ብር ይደርሳል፤ ልዩነቱ በኪሎ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ነገር ግን በትርፍ ጭነቱ የተነሣ 5 ኩንታል ቲማቲም ቢፈርጥ፣ ኪሎውን በ20 ብር ብናስበው እንኳ 10,000 ብር መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ጭነት ሲራገፍ አይቻለሁ፤ ከታችኞቹ ሣጥኖች ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፣ ረዳቱም የተጨፈለቀውን በአካፋ ይጠርግ ነበር። በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት በ20 በመቶ ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በእጥፍ ገደማ እንደሚያድግ የመንገድ መሐንዲሶች ያሰላሉ፤ የተቦረቦረው መንገድም በሚቀጥለው ምርት ጊዜ የእርስዎኑ ቲማቲም ያንገጫግጫል።

«በውጭ አገር ለሚበላሽ ምርት የአሽከርካሪ የሰዓት ገደብ ይላላል ይባላል፤ እኛስ?» (ከደሴ)

በአሜሪካ በከፊል ይላላል። የጭነት አሽከርካሪ ለ10 ተከታታይ ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ባሉት 14 ሰዓታት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ የእርሻ ምርት ሲያጓጉዝ ግን ከተጫነበት ቦታ በቀጥታ መስመር 280 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪርቅ ድረስ ሰዓቱ አይቆጠርበትም። ይህ አሠራር እንዳለ ወደ እኛ ቢመጣ፣ ከቆቦ የተነሣው መኪና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርደው ሰዓቱ በማይቆጠርበት ክልል ውስጥ ይሆናል። ሲያስጭን ያደረ ሰው ፍሬን በሚግልበት በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሲያንቀላፋ ማሰብ ያስፈራኛል፤ ስለዚህ ማላላቱን አልደግፍም። ይልቁንስ ከእርሻው ዳር ደላላና ገዢ በዋጋ እስኪስማሙ ድረስ የሚባክነው ሰዓት ይቀነስ።

«አሽከርካሪው ሲያርፍ ምርቱ አይበላሽም?» (ከሐይቅ)

በደንብ የደረቀ ሽንኩርት አየር ካገኘ ይታገሣል። ቲማቲም ግን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመተንፈሱ ፍጥነት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ስለሚያድግ ቶሎ ይበላሻል። በከሚሴ የቀትር ሙቀት ሸራ ተከናንቦ ከሚቆም፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ ሸራው በጎን በኩል ተገልጦ ቢያድር እጅግ ይሻላል።

«የጨመረውን ኪራይ ማን ይክፈል?» (ከመርሳ)

ብዙ ጊዜ ነጋዴው ከእርሻ ዋጋው ላይ ይቀንሰዋል፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም፣ ምርቱ ሳይፈርጥ በመድረሱ የሚያተርፈው እሱም ነውና። ከመጫኑ በፊት የኩንታሉን ብዛት፣ የማረፊያውን ቦታና የእያንዳንዱን የኪራይ ድርሻ በወረቀት አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።