የሰማዩ ብረት ለምን በመዶሻ ይፈረካከሳል?

ደብረ ብርሃን ላይ ከአርጀንቲናው የካምፖ ዴል ሲዬሎ ሜትሮራይት (ከሰማይ የወደቀ ብረት) ቢላ ልትቀጠቅጥ ስትል፣ ቁራጩ በሦስተኛው ምት እየተፈረካከሰ ያስቸገረህ ድኝ ነው። ከድኝ ጋር የተዋሐደ ብረት በየቦታው ተሰግስጎበታል። ሙቀቱ ወደ 988 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይህ ክፍል ይቀልጣል። ውጩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ፈሳሽ ይዟል። ስትመታው በዚያው ይከፈላል።

ስለዚህ ብቻውን አትምታው።

1. በስሱ ቆርጠህ ዝገቱን አጽዳ።
2. ከተራ ላሜራ በሠራኸው ሳጥን ውስጥ ደርድረህ፣ ቦራክስ (ብረቱ እንዲጣበቅ ዝገቱን የሚያሟሟ ነጭ ዱቄት) ነስንሰህ በብየዳ ዝጋው። ለትነቱ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ተው። የጣሪያ ቆርቆሮ ግን እንዳትጠቀም፤ የዚንኩ ጭስ ይመርዛል።
3. ወናፉን ሳትቸኩል ንፋ። ሙቀቱ እስከ መሃሉ ዘልቆ ደማቅ ቢጫ ሲሆን በቀስታ መታ መታ አድርገው። እስኪጣበቅ ድረስ ጉልበትህን ያዝ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ የመጀመሪያውን ቢላ ሙሉ በሙሉ ከሜትሮራይት ሠራሁት። አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ስለቱ ሥጋ ስቆርጥበት ታጠፈ። ይሄ ብረት ኒኬል እንጂ ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ በመንከር አይጠነክርም። የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንክሃሙን ጩቤም ከእንዲህ ዓይነት ብረት ነው የተሠራው፤ 11 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው።

አንተ መሃሉ ላይ አሮጌ ሞረድ ወይም የመኪና ባሌስትራ አስገባ። ስለቱ ከእሱ ይውጣ፣ ሜትሮራይቱ ግራና ቀኙን ያልብሰው።