ስለ ልጆች ሳይክል ጠይቁኝ፤ «ያድግበታል» ግን እንዳትሉኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሳይክል እጠግናለሁ። ዛሬ ሥራ ቀለል ብሎኛል፤ ጠይቁ።

የኮዬዋ እናት፦ ጋሼ፣ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ጎማው 20 ኢንች የሆነ ልግዛለት? ያድግበታል ብዬ ነው።

መልስ፦ ይኸው መጣች! እህቴ፣ ጫማ አይደለም እኮ። ባለ 16 ይበቃዋል። ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ የሁለት እግሮቹ ጣቶች መሬት ይንኩ። ከዚያ እጁን እዪ። መሪውን እንደያዘ ጣቱ የፍሬን እጀታው ላይ ካልደረሰ፣ ሳይክሉ ፍሬን የለውም ማለት ነው። በቀደም አንድ አባት ባለ 20 እየገፋ መጣ። ልጁ ፍሬን ለመያዝ መዳፉን ከመሪው ያነሳል። ቁልቁለት ላይ አስቡት! ብዙ እጀታ ላይ ትንሽዬ ብሎን አለች፤ ስትጠብቅ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። አጠበቅኳት፣ አሁንም አልደረሰም። መልሱት አልኩ።

ከጀሞ፦ ለልጅ የትኛው ሳይክል ጥሩ ነው?

መልስ፦ ፍሬኑ የሚደረስበት።

ከአያት፦ ሄልሜት የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጭ ሥር ማሰሪያው አንድ ጣት ያስገባ። ክፉኛ ከተጋጨ ይጣል፤ የውስጡ ፎም የሚያገለግለው አንዴ ነው።

ከሰሚት፦ እኛ ያለ ሄልሜት አይደል ያደግነው?

የኮዬዋ እናት፦ ያኔ ሲኖትራክ ነበር እንዴ?

ከሰሚት፦ ሲኖትራኩ ይቅር፣ እኛ ሰፈር ያስቸገረው ውሻ ነው። ሲያባርር መሮጥ ነው መቆም?

መልስ፦ የውሻውን ባለቤት ጠይቁ። ወደ ሳይክላችን።

ከለቡ፦ ልጄ አስፋልት ላይ በግራ ብትሄድ አይሻልም? መኪናውን ፊት ለፊት ታየዋለች።

መልስ፦ በፍጹም! እሱ ለእግረኛ ነው። ሳይክል እንደ መኪናው በቀኝ ይሄዳል። ከውስጥ ለውስጥ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር ዓይኑ ያለው መኪና በሚመጣበት በግራው ነው። ልጅሽ ግን በቀኙ ትመጣበታለች። ለመሆኑ ልጅ አስፋልት ላይ ምን ትሠራለች? እኔ የራሴን ያስተማርኩት በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ እሑድ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ነው። ሌላውን ቀን ግቢ ውስጥ።

ከለገጣፎ፦ ታናሹን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ የልጅ መቀመጫና የእግር መከለያ ከሌለው አይሆንም። ጎማው ውስጥ የገባ ተረከዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከጀሞ፦ ማርኩስ ጋሼ? የትኛው ማርክ?

መልስ፦ ፍሬን አልኩ እኮ ወንድሜ! ፍሬን!

የኮዬዋ እናት፦ ጋሼ… ባለ 20ውን ትናንት ገዝቼዋለሁ።

መልስ፦ ነገ ይዘሽው ነይ። ልጁንም።