መልስ፦ ስፖቲፋይ ራሱን ሲያድስ ቴሙ ለምን ይጠፋል?

ወንድሜ፣ «በስፓይስቲፋይ ስፖቲፋይ ላይ የጫንኩት ቴም በማግስቱ ድራሹ ጠፋ፤ ቫይረስ ይሆን?» ብለህ ከደብረ ማርቆስ ጠይቀሃል። አይዞህ፣ ቫይረስ አይደለም። ስፓይስቲፋይ የሙዚቃ መተግበሪያውን የስፖቲፋይን መልክ (ቴም) የምንቀይርበት ፕሮግራም ነው፤ የሚነካካውም የስፖቲፋይን የራሱን ፋይሎች ነው። ስፖቲፋይ አፕዴት ሲያደርግ በአዲስ ይተካቸዋል፣ ቴሙም አብሮ ይሄዳል።

ስፖቲፋይን ዝጋና ፓወርሼልን፣ ማለትም የዊንዶውስን የትዕዛዝ መጻፊያ፣ ክፈት። አድሚን አድርገህ ግን እንዳትከፍተው። መጀመሪያ «ስፓይስቲፋይ አፕዴት» (spicetify update)፣ ቀጥሎ «ስፓይስቲፋይ ባክአፕ አፕላይ» (spicetify backup apply) የሚሉትን ትዕዛዞች በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ። አለቀ። ስፖቲፋይ በታደሰ ቁጥር ይህንኑ ትደግማለህ፤ ትንሽ ያሰለቻል። መተግበሪያውን ያወረድከው ከማይክሮሶፍት ስቶር ከሆነ አጥፋውና ከስፖቲፋይ ድረ ገጽ አውርድ። የስቶሩ ያስቸግራል።

የስፓይስቲፋይን ማርኬትፕሌስም ጫን። ቴምና ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጥ ቅጥያ) እዚያው ስፖቲፋይ ውስጥ ሆነህ ትመርጣለህ። ያየኸውን ሁሉ ግን አትሰብስብ፣ አሮጌ ላፕቶፕ እንደ ተጫነ አህያ ያቃስታል። እኔ እዚህ ቡሬ የማልለየው ሹፍል ፕላስ ከሚባለው ኤክስቴንሽን ነው። የማሲንቆ ፕሌይሊስቴን በደንብ ይበውዝልኛል። ጓደኛህ በስልኩ ልሞክር ካለህ አይልፋ፣ ስፓይስቲፋይ የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።