ያለ ካሪ ፐርሚት ሽጉጥ ወደ ጋን ሾው መውሰድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቨርጂኒያ፣ ሻንቲሊ ከተማ በሚገኘው የደለስ ኤክስፖ ሴንተር በየዓመቱ ደጋግሞ ትልቅ ጋን ሾው፣ ማለትም የጦር መሣሪያ ኤግዚቢሽንና ገበያ፣ ይካሄዳል። ቀኑ ሲቃረብ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ጥያቄ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ሽጉጣቸውን በሕጋዊ መንገድ ገዝተው ቤት ያስቀመጡ፣ ይዞ የመንቀሳቀስ ፈቃድ (ካሪ ፐርሚት) ግን ያላወጡ ናቸው። ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ። የዜግነት ወረቀት ገና በእጃችሁ ያልገባ ደግሞ ሦስተኛውን መልስ ሳታነቡ ከቤት እንዳትወጡ አደራ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዓመታት በፊት የገዛሁትን ሽጉጥ ሻንቲሊ ወስጄ መሸጥ እፈልጋለሁ። ካሪ ፐርሚት የለኝም። በመኪናዬ ብወስደው ያስጠይቀኛል?

በሥርዓቱ ከወሰዱት አያስጠይቅዎትም። የሜሪላንድ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው ሽጉጥ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ በጥቅሉ ከከለከለ በኋላ የተወሰኑ ጉዞዎችን ለይቶ ይፈቅዳል። ሕጋዊ ሽያጭ ወይም ግዢ ወደሚፈጸምበት ቦታ ሄዶ መመለስ አንዱ ነው፤ ጥገና ቤትና የዒላማ ተኩስ ልምምድም አሉበት። በጉዞው ላይ ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ በሚዘጋ ሳጥን ወይም በሚዘጋ ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ጥይት ያልጎረሰ" የሚለው ላይ ነው። ካዝናውን ስለነቀለ ብቻ ሽጉጡ ባዶ የሆነ የሚመስለው አለ። ቀደም ብሎ ተቀባብሎ ከነበረ ግን አንዷ ጥይት እዚያው ውስጥ ናት። ስለዚህ ቤትዎ ሳሉ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው፣ መጀመሪያ ካዝናውን ይንቀሉ። ከዚያ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበው ይያዙና ውስጡን በዓይንዎ ይዩት፣ በትንሿ ጣትዎም ዳስሰው ያረጋግጡ። የካዝናውንም ጥይት ያራግፉ። ሳጥኑን ቆልፈው ትራንክ ውስጥ ያስገቡ። ለሽያጭ ጥይት አያስፈልግዎትምና ቤት ይቅር።

መንገዱንም ያስቡበት። በ495 ቤልትዌይ አድርገው በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ከተሻገሩ ከሜሪላንድ በቀጥታ ቨርጂኒያ ይገባሉ፤ ዲሲን አይነኩም። የዲሲ ሕግ ከሁለቱም ጎረቤቶቹ የጠበቀ ስለሆነ በከተማው መሀል ማቋረጥ የለመዱ ሰው ለዚያ ቀን ይተዉት። ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በውድሮው ዊልሰን ድልድይ የምትመጡ ደግሞ የድልድዩ መካከል ለጥቂት ርቀት በዲሲ ክልል እንደሚያልፍ እወቁ።

ቨርጂኒያ ላይ ሕጉ ላላ ይላል፤ በግል መኪና ውስጥ፣ በተዘጋ ዕቃ ወይም ክፍል የተቀመጠ ሽጉጥ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ቢሆንም ካልተሸጠልዎት ይዘውት ወደ ሜሪላንድ ነው የሚመለሱትና ሳጥኑ እስከ ቤትዎ እንደተቆለፈ ይቆይ። በእንዲህ ያሉ ኤግዚቢሽኖች መግቢያ ላይ ሠራተኞች ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይተው እንዳይተኮስ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰራቸው የተለመደ ነው። ሳጥኑን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይንገሯቸው እንጂ ፓርኪንግ ላይ አውጥተው አያገላብጡት።

መሸጥ ያለብዎት ፈቃድ ላለው ነጋዴ ብቻ ነው። የፌዴራል ሕግ የሌላ ስቴት ነዋሪ ለሆነ ግለሰብ ሽጉጥ ማስተላለፍን ይከለክላል። በር ላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚጠብቅዎት ሰው የአገርዎ ልጅ ቢሆንም፣ የቨርጂኒያ ነዋሪ ከሆነ ሁለታችሁም ወንጀል ውስጥ ትገባላችሁ። ሐሳብዎ ሽጉጡን ይዞ መዘዋወርና ማኅደር መምረጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤት ቢተዉት እመርጣለሁ፤ ሕጉ የፈቀደው ለሽያጭና ለግዢ የሚደረገውን ጉዞ ነው።

እኔ ኤች ኪው ኤል አለኝ። ይዤ መንቀሳቀስ አልችልም እንዴ?

አይችሉም። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የምትጠይቀው ይህ ወረቀት ሽጉጥ ለመግዛት ብቁ መሆንዎን የሚያሳይ ነው። አሻራ ስለሰጡበትና ስለሠለጠኑበት ትልቅ ፈቃድ ይመስላል፤ ታጥቆ ለመውጣት ግን ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ሥልጠና፣ ሌላ ፈቃድ አለ። ያ እስኪኖርዎት ድረስ እርስዎም እንደ መጀመሪያው ጠያቂ ነዎት።

ግሪን ካርድ አለኝ። የሚስቴ ወንድም በተማሪ ቪዛ መጥቶ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። አብረን ጋን ሾው ብንሄድ ችግር አለው?

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ ሽጉጥ መያዝ ይፈቀድለታል። አማችዎ ግን ሌላ ነው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። ገብቶ መመልከቱ ወንጀል አይደለም። መግቢያ ስትከፍሉ "እስቲ ሳጥኑን አንዴ ያዝልኝ" ማለት ግን የልጁን ትምህርትም ኑሮም ሊያበላሽ ይችላል። ሽጉጡ ያለበትን መኪና ቁልፍ ሰጥተውት አይሂዱ፤ ነጋዴው የሚያሳየውንም አንስቶ እንዳይሞክር አስቀድመው ይንገሩት።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ለዜጋው የሜሪላንድ ጥሰት ቅጣት አለው፤ ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእኛ ሰው ግን ዜጋ እስካልሆነ ድረስ ነገሩ እዚያ አያበቃም። የኢሚግሬሽን ሕጉ ከጦር መሣሪያ ይዞታ፣ ግዢ፣ ሽያጭ ወይም መያዝ ጋር በተያያዘ የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ ከአገር ሊወጣ የሚችል ያደርገዋል። ሃያ ዓመት እዚህ መኖርዎ ወይም ልጆችዎ እዚህ መወለዳቸው ይህን አያስቀረውም። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው "ቀላል ነገር ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ በገደብ ውጣ" ቢባል፣ ያ ቃል ራሱ ለኢሚግሬሽን እንደ ፍርድ ሊቆጠርበት ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በወሰነው የፓዲያ ጉዳይ መሠረት የወንጀል ጠበቃዎ ይህን አደጋ ሊነግርዎ ግዴታ አለበት። ካልነገርዎት ይጠይቁት፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩም ምንም ነገር አይፈርሙ። እባካችሁ ይህን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ።

ኡበር ነው የምሠራው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼን አማርኛ ትምህርት አድርሼ፣ ሁለት ሦስት ሰው ጭኜ፣ ከዚያ ወደ ሻንቲሊ ብቀጥልስ? ሽጉጡ ትራንክ ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው።

እንደዚያ አያድርጉ። ሜሪላንድ የፈቀደችው ወደ ሽያጩ ቦታ የሚደረገውን ጉዞ እንጂ ሽጉጥ ጭኖ መዋልን አይደለም። ኡበርም ሊፍትም ሹፌሮቻቸው በሥራ ላይ የጦር መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ። የልጆችዎ ክፍል የሚገኘው በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ከሆነ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ በዚያ ግቢ የጦር መሣሪያ መያዝ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ልጆቹን አድርሰው ቤት ይመለሱ፤ አፑን ያጥፉ፤ ከዚያ ሽጉጡን ጭነው በቀጥታ ይሂዱ።

ፖሊስ መንገድ ላይ ቢያስቆመኝ ምን ልበል?

ሁለቱንም እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ። የመኪናዎን ሬጅስትሬሽንና ኢንሹራንስ ከሽጉጡ ርቆ በሚገኝ ቦታ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ወረቀት ፍለጋ ሲጎነበሱ ሳጥኑ ቢታይ ሁላችሁም ትደነግጣላችሁ። ሲጠየቁ አይዋሹ። መኪናዎን ልፈትሽ ቢልዎት "አልፈቅድም" ብለው በትሕትና መመለስ መብትዎ ነው፤ ከፈተሸ ግን በእጅዎ ለመከልከል አይሞክሩ።

አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ፔንሲልቬንያ ላለ ጋን ሾው ሜሪላንድን አቋርጬ ልሄድ ነው፤ ፍሬድሪክ ዘመዶቼ ጋ አድሬ።

በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከተፈቀደበት ቦታ ተነስቶ ወደተፈቀደበት ቦታ የሚያልፍ መንገደኛን ይጠብቃል። ሽጉጡ ባዶ መሆን፣ ሽጉጡም ጥይቱም ከተቀመጡበት ሆነው የማይደርሱበት ቦታ መሆን አለበት። ትራንክ በሌለው መኪና በተቆለፈ ሳጥን ይሁን፤ ግላቭ ቦክስ አይቆጠርም። ፔንሲልቬንያም ፈቃድ የሌለው ሰው ባዶ ሽጉጥ በደንብ ጠቅልሎ ወደ ሽያጭ ቦታ እንዲወስድ ትፈቅዳለች።

የሚያሰጋኝ አዳሩ ነው። በ2005 አንድ የዩታ ነዋሪ ኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ላይ የሚቀጥለው ጉዞ አምልጦት ሆቴል አደረ፤ ሽጉጡ ያለበት ሻንጣም አብሮት ነበር። በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሽጉጡን ራሱ ሲያስታውቅ ተይዞ ለቀናት ታሰረ። ክሱ ቢነሳለትም ካሣ ጠይቆ ያቀረበውን አቤቱታ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 አልተቀበለውም፤ ሆቴል ውስጥ ሽጉጡ እጁ ላይ ነበር ብሎ። ዘመድ ጥየቃውን ለሌላ ቀን ያድርጉትና ሳያድሩ ይለፉ።

ከሻንቲሊ አንድ ሽጉጥ ገዝቼ በዚያው ቀን ሜሪላንድ ማስገባት እችላለሁ? ለወንድሜም አንድ እንድገዛለት ገንዘብ ሰጥቶኛል።

ለራስዎ ቢገዙ ነጋዴው እጅዎ ላይ አይሰጥዎትም፤ ሜሪላንድ ላለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይልካል፣ እዚያ የሰባት ቀን ጥበቃውን ጨርሰው ይረከባሉ። የወንድምዎን ገንዘብ ግን ይመልሱለት። ነጋዴው በሚያስሞላዎ 4473 በሚባለው ቅጽ ላይ ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ ብለው ነው የሚፈርሙት። በሌላ ሰው ገንዘብ ለዚያ ሰው ገዝቶ እንዲህ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ያ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ መሆኑን እያወቁ ከገዙለት ደግሞ በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ወንድምዎ ከተፈቀደለት ራሱ ይግዛ።

አባቴ ጎጃም ነው ያሉት፤ መሣሪያ ይወዳሉ። ለገና ስሄድ አንድ ሽጉጥ በሻንጣ ብወስድላቸውስ?

አይሆንም። ከአሜሪካ ለማስወጣት የመንግሥት የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማስገባትን ከልክላለች። ለአባትዎ ሌላ ስጦታ ይያዙላቸው።